ጥሩ እጅ በምን ይታወቃል?

በብዙ ቤት ማሸት የሚመዘነው በሕመም ነው። የታሸው ሰው ጥርሱን ነክሶ፣ አንሶላውን ጨምድዶ ይዞ ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ወይኔ! ግን ቀለል አለኝ» ብሎ ከተነሣ ሥራው ተዋጣ ይባላል። ለስለስ ተደርጎ የታሸው ደግሞ «ቅባት ቀባኝ እንጂ መች አሸኝ» ሲል ይሰማል። ባልና ሚስት ማታ ማታ የቀኑን ድካም ለማውጣት እርስ በርስ ለሚያደርጉት ማሸት ይህ ሚዛን ጨርሶ አይሆንም ባይ ነኝ። በዚህ ሚዛን ስለምንለካውም በብዙ ቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ይቀራል። አንዱ አውራ ጣቱን ያመዋል፣ የሌላው ጀርባ ይበልዛል፣ ከዚያ ነገሩ ይረሳል።

ሚዛኑን ያገኘነው ከወጌሻ ነው። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ የሚመልስ፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት የሚያሽ ሰው ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችንም ሜዳ ገብቶ የተጎዳ ተጫዋች የሚያክመውን ባለሙያ «የቡድኑ ወጌሻ» ይሉታል። እሱ ዘንድ የሚሄድ ሰው ተጎድቶ ስለሚሄድ ሕመሙን ጠብቆ፣ ለመታገሥም ቆርጦ ነው የሚሄደው። (ስብራት የተጠረጠረበት ሰው ግን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ አላግባብ ጠብቆ የታሰረ ስብራት የደም ዝውውር አቋርጦ እጅና እግር ያሳጣል።) ቤት ውስጥ ሚስቱን የሚያሽ ባል ግን የሚመልሰው አጥንት የለም። ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ የዋለ ጡንቻ እንዲላላ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጡንቻ ደግሞ ሲያሳምሙት ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ስለዚህ በሕመም የሚሠራ ሰው በአንድ እጁ የፈታውን በሌላው እጁ መልሶ ይቋጥራል።

የተሻለ ሚዛን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አራስ ቤት ገብቶ ሕፃን ሲታጠብ ያየ ሰው ያውቀዋል። አያቲቱ እግሯን ዘርግታ ሕፃኑን ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። መዳፏን በቅባት አሙቃ ከደረቱ ወደ ክንዱ፣ ከጭኑ ወደ እግሩ ጣቶች ዝግ ብላ ትወርዳለች። እጇ አይቸኩልም፣ ከገላውም አይነሣም፤ ሲነጫነጭ ትቀንሳለች፣ ሲረጋ ትቀጥላለች። እንቅልፍ ሲጥለው ሥራዋ እንዳበቃ ታውቃለች። ሕፃኑ ካላለቀሰ አልታሸም የሚላት የለም። የትልቅ ሰው ጀርባም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ክብደት ተጨምሮበት።

የሰው እጅ ስመዝን መጀመሪያ የማየው ፍጥነቱን ነው። ከምንም በላይ ጥሩውን እጅ ከመጥፎው የሚለየው እሱ ነው። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ውስጥ፣ በጀርባ፣ በክንድ፣ በጭን፣ ለስላሳ ንክኪ ሲሰማቸው የሚነቁ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ። በስዊድን የጎተንበርግ ተመራማሪዎቹ ሊን ሎከን፣ ሆካን ኦላውሶንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በማሽን የሚንቀሳቀስ ለስላሳ ብሩሽ በሰዎች ክንድ ላይ በተለያየ ፍጥነት አስኪደው ነበር። ክሮቹ አብዝተው የነቁት ብሩሹ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲጓዝ ነው። ሰዎቹም «ይሄ ደስ ይላል» ያሉት ያንኑ ፍጥነት ነበር። ሲፈጥንም፣ ከልክ በላይ ሲንቀረፈፍም ደስታው ቀንሷል።

ይህን ወደ ጀርባ እናምጣው። ከማጅራት ሥር እስከ ወገብ ያለው ርቀት በአዋቂ ሰው ላይ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሰከንድ 3 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ እጅ ይህን መንገድ ለመጨረስ 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። ያልለመደ እጅ በሦስት አራት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ለሚያሸው ሰው 15 ሰከንድ የማያልቅ ይመስለዋል፤ እነዚያ ክሮች በመዳፍ ቆዳ ላይ እምብዛም ስለማይገኙ የታሸው ጀርባ የሚሰማው ነገር ለሚያሸው መዳፍ በዚያው ልክ አይሰማውም። በልብ እየቆጠሩ መጓዝ ያስፈልጋል። የአንድን ሰው እጅ ለመመዘን አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥ ብገደድ ሰዓት ይዤ ይህቺን አንዲት መንገድ እለካለሁ።

ሙቀትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች እነዚሁ ክሮች የሚመቻቸው የሙቀት መጠን ከቆዳችን ሙቀት ጋር የሚቀራረበው፣ ወደ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋው መሆኑን አሳይተዋል። ቀዝቃዛ እጁን ጀርባ ላይ ያሳረፈ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አበላሽቷል፤ ያ ጀርባ ተሸማቆ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። እጅን በሙቅ ውኃ ታጥቦ አድርቆ መጀመር ብዙ ዋጋ አለው።

ቀጥሎ የማየው ክብደቱን ነው። እዚህ ላይ ዓይኔ የሚሄደው ወደሚያሸው ሰው አውራ ጣት ነው። ጥፍሩ ሥር ነጥቶ፣ መገጣጠሚያው ወደ ኋላ ተቀልብሶ ካየሁ ሥራው በጣት ጉልበት እየተሠራ ነው ማለት ነው፣ ብዙም አይቆይም። ጥሩ እጅ አይገፋም፣ ይደገፋል። የሚያሸው ሰው ከጎን ተንበርክኮ፣ ክርኑን ሳያጥፍ፣ ሙሉ መዳፉን አሳርፎ፣ ከወገቡ ዘንበል ሲል የራሱ ሰውነት ክብደት በመዳፉ በኩል ይወርዳል። ሲጨምር የበለጠ ዘንበል ይላል፣ ሲቀንስ ቀና ይላል። በዚህ ዓይነት ቀጭን ሴት ግዙፍ ባሏን ግማሽ ሰዓት አሽታ ሳይደክማት ትነሣለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ላብ ያጠመቀው ጎረምሳ ግን ጉልበቱን እያሳየ ነው እንጂ እያሸ አይደለም።

ክብደቱ የሚገባበት መንገድም ይታያል። የሚታሸው ሰው አየር ሲያስወጣ ቀስ ብሎ ይገባል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል፣ እንደገባው ቀስ ብሎ ይወጣል። ዘሎ የሚገባና ዘሎ የሚወጣ እጅ ቀላልም ቢሆን ያስደነግጣል። ከ10 ቢመዘን ግፊቱ 5 ወይም 6 ላይ ይቁም። 8 የሚፈልግ ጀርባ አለ የሚሉኝ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 5ን ለረጅም ጊዜ ያላገኘ ጀርባ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በየስፓው የዋጋ ዝርዝር ላይ «ስዊድሽ ማሳጅ» የሚለውን ያላየ የለም። ስሙ ብዙ ጊዜ ከስዊድናዊው የጂምናስቲክ መምህር ከፔር ሄንሪክ ሊንግ (1776–1839 እ.ኤ.አ.) ጋር ይያያዛል። ስልቶቹን በፈረንሳይኛ ስም ሰጥቶ በመልክ በመልካቸው አደራጅቷል የሚባለው ግን ሆላንዳዊው ሐኪም ዮሐን ጊዮርግ ሜዝገር (1838–1909 እ.ኤ.አ.) ነው። ስልቶቹ አምስት ናቸው፤ ረጅም ዳበሳ፣ ጨምቆ መልቀቅ፣ በአንድ ቦታ ላይ ማሻሸት፣ በእጅ መደለቅና ማንቀጥቀጥ። ለቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ረጅሙ ዳበሳ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መሐል ላይም እጅ የሚያርፍበት ነው። ጨምቆ መልቀቅ፣ ጡንቻውን እንደ ዳቦ ሊጥ ከፍ አድርጎ ጨብጦ ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ትከሻና ጭን ላይ ይሠራል። ጀርባን እንደ ከበሮ መደብደቡን ተዉት፤ የሚተኛን ሰው ይቀሰቅሳል።

እጁ እንዴት እንደሚያርፍና እንደሚነሣም እመለከታለሁ። የተዋጣለት ሰው ቅባት ሳይቀባ በፊት ሁለት እጆቹን የሚታሸው ሰው ከለበሰው ጋቢ በላይ ጀርባው ላይ አሳርፎ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ እስኪጨርስ ድረስ ሁለቱ እጆቹ አንድ ላይ ከገላ አይነሡም። ቅባት ለመጨመር አንዱ እጅ ሲሄድ ሌላው ይቆያል፤ ከጀርባ ወደ እግር ሲወርድ እንኳ አንድ መዳፍ ይዞ ይወርዳል። እጅ ተነሥቶ ሲመለስ ሰውነት «አሁን ደግሞ የት ሊያርፍ ነው?» ብሎ ይጠብቃል። ለመጠበቅ ደግሞ መንቃት አለበት።

ስለ ቅባት ብዙ ይወራል። የእኔ ምርጫ የሰሊጥ ዘይት ነው። ለዘብ ብሎ ይንሸራተታል፣ አይጣበቅም፣ ሽታውም አይከብድም። የኑግ ዘይት ወጥ ወጥ ይሸታል፣ አንሶላም ያበላሻል። ቅቤ ለፀጉር የተመሰገነ ነው፤ ጀርባ ላይ አድሮ ግን ጠዋት አብሮ ቢሮ ይገባል። ቫዝሊን ከብዶ የቆዳ ፀጉር ይጎትታል። የሕፃናት ዘይት ደግሞ ያሟልጫል፣ እጅ ጡንቻውን መያዝ ያቅተዋል። የትኛውም ይሁን ልኩ ነው ዋናው፤ ለአንድ ጀርባ ለመጀመር አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። መጀመሪያ መዳፍ ላይ ፈስሶ ይሞቅና ከዚያ ይቀባል፤ በቀጥታ ጀርባ ላይ የሚያንቆረቁር ሰው ገና አልገባውም። ማጅራት ላይ ጭራሽ ለምልክት ያህል ቢቀባ ነው የሚሻለው፤ እዚያ የሚፈለገው መያዝ ነው። የባሕር ዛፍ ወይም የናና ጥሩ መዓዛ ያለው የተጣራ ዘይት የሚወድ ካለ በ30 ሚሊ ሊትር ሰሊጥ ላይ ከ12 ጠብታ አይለፍ፣ ሳይበረዝም ቆዳ አይንካ። አንድ ቀን ቀድሞ ክንድ ውስጥ ትንሽ ቀብቶ ማየት ደግሞ ከሽፍታ ያድናል።

እስካሁን ያልሁትን ሁሉ ጥሩ ባለሙያ ከባልም ከሚስትም በተሻለ ይሠራዋል። የትዳር ጓደኛ ከየትኛውም ስፓ የሚበልጥበት ግን አንድ ነገር አለ፤ ውሎውን ያውቃል። ዝቅ ያለ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ ስትጋግር የዋለች ሴት ድካሟ ወገቧና ሊጡን ስታዞር የዋለችበት የቀኝ ክንዷ ላይ ነው። ጀርባዋን ሁሉ አዳርሶ ክንዷን ሳይነካ የተነሣ ባል ግማሹን ሥራ ትቶታል። ከጠዋት እስከ ማታ ፍሬንና ነዳጅ ሲረግጥ የዋለ የታክሲ ሾፌር የቀኝ ባቱና መቀመጫው ይታሽለት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የዋለ አስተማሪ የሚጽፍበትን ትከሻ፣ ልብስ ሰፊ ማጅራቱን፣ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጣ የዋለች ሒሳብ ሠራተኛ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ያለውን ቦታ ነው የሚያማቸው። አሜሪካ ውስጥ በየአረጋውያን መጦሪያው ሕመምተኛ ሲያነሡና ሲያገላብጡ የሚያድሩ ወገኖቻችን ደግሞ ወገባቸው ነው የሚጮኸው። ሳይነገረው እዚያች ቦታ ላይ ዘለግ ላለ ጊዜ የቆየ እጅ ካየሁ፣ ሌላው ሁሉ ቢጎድለው እንኳ ማለፊያ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ትከሻን ጠጋ ብለን እንየው፤ የከተማ ሰው ድካም አብዛኛው የሚከማቸው እዚያ ነው። የሚታሸው ሰው ወንበር ላይ ወደ መደገፊያው ዞሮ ተቀምጦ ትራስ አቅፎ፣ ግንባሩን ክንዱ ላይ ያሳርፋል። ይህ አቀማመጥ በሆድ ከመተኛት የሚሻልበት ምክንያት አለ፤ አልጋ ላይ በሆዱ የተኛ ሰው ለመተንፈስ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ይቆያል፣ ያንኑ ልንፈታው የፈለግነውን ማጅራት መልሰን እንወጥረዋለን። የሚያሸው ከኋላ ቆሞ በአንገትና በትከሻ ጫፍ መካከል ያለውን ወፍራም ጡንቻ ይይዛል፤ አውራ ጣት ከኋላ፣ አራቱ ጣቶች ከፊት። ከፊት ያሉት ጣቶች የማነቂያ አጥንትን አይጫኑም፣ የአንገትን ፊት ለፊት ፈጽሞ አይነኩም። ጡንቻውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይጠብቃል፣ ይለቃል። ከአንገት ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻ ጫፍ ሦስት አራት ቦታ እንዲህ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ላይ ከጣት ሥር ጠጠር ያለች፣ ስትነካ «እሷን!» የምታሰኝ ቦታ ትገኛለች። ጥሩና መጥፎ እጅ እዚችም ቦታ ላይ ይለያያሉ። መጥፎው ጠላቱን እንዳገኘ ወዲያና ወዲህ ይፈጫታል። ጥሩው የጣቱን ለስላሳ ጫፍ አሳርፎ፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ ጨምሮ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ ከጣት ሥር የመለስለስ ነገር ይሰማል፤ የታሸውም ረዘም ያለ ትንፋሽ ያወጣል። ካልላላች አይታገላትም። በሙሉ መዳፉ ዳብሷት ያልፍና ቆይቶ ይመለሳል። በአንድ ማታ ሁሉንም ቋጠሮ ልፍታ ያለ ሰው በማግስቱ የተቆጣ ትከሻ ያስነሣል።

እግር ሌላ ነው። በአገራችን ከመንገድ የመጣ እንግዳ፣ ከእርሻ የተመለሰ አባወራ በለብታ ውኃ እግሩን መታጠቡ የቆየ ልማድ ነው፤ ከማሸት በፊት ያንን ልማድ መመለሱ ይመከራል። አሥር ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ የቆየ እግር ግማሽ ሥራው አልቋል። ጓደኛችሁ ስኳር ሕመም ካለበት የውኃውን ሙቀት እናንተ በክርናችሁ ለኩት፤ በሽታው የእግርን ስሜት ስለሚያደበዝዝ ሳይሰማው ሊቃጠል ይችላል። ውስጥ እግር ላይ ቀላል ንክኪ ያስቃል እንጂ አያዝናናም። ስለዚህ እግሩን በሁለት መዳፍ አፍኖ ይዞ፣ ከተረከዝ ወደ ጣቶች በርታ ብሎ መጓዝ ነው። «እኔ እግሬን ስነካ አልችልም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ በጣት ጫፍ የተነኩ ናቸው።

ፈራጁ ማነው? የታሸው ሰው ነው፤ ግን አፉ ሳይሆን ገላው። ይሉኝታ ባለበት አገር «ደህና ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ደህና ነው» ይላል፤ የደከመለትን ሰው ማሳዘን አይፈልግም። ገላው ግን ይሉኝታ አያውቅም። ጡጫ የጨበጠ እጅ፣ የተቆለመሙ የእግር ጣቶች፣ የተያዘ ትንፋሽ፣ የጠነከረ መቀመጫ፣ እነዚህ ሁሉ «በዛብኝ» ማለት ናቸው። የተከፈተ መዳፍ፣ ወደ ውጭ የወደቁ እግሮች፣ እየረዘመ የሚሄድ ትንፋሽ፣ ሆድ ውስጥ የሚሰማ ጉርምርምታ ደግሞ የደስታ ምልክት ናቸው። ሆድ ሲጮኽ አፍረው ይቅርታ የሚጠይቁ አሉ፤ ሰውነቱ ከሥራ ወደ ዕረፍትና ወደ ምግብ መፍጨት መዞሩን የሚያበሥር ድምፅ ስለሆነ የሚያሸው ሰው ሊደሰትበት ይገባል። ወሬው ሲያጥርም እንደዚሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ስታወራ የነበረች ሚስት በአሥረኛው ደቂቃ «እ» ብቻ ካለች ሥራው መንገዱን ይዟል።

ስለዚህ አጠያየቁም ይመዘናል። ጥሩ እጅ ያለው ሰው ምርጫ ሰጥቶ ይጠይቃል።

«ልቀንስ ወይስ ልጨምር?»

«ትንሽ ቀንስ።»

«እዚሁ ልቆይ ወይስ ልውረድ?»

«እዚሁ ቆይ።»

ይህች ንግግር መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለቴ ትደረግና ትበቃለች። በየደቂቃው «ጥሩ ነው? ደስ አለሽ?» የሚል ሰው ሙገሳ እየለመነ ነው፣ የታሸችውም ከዕረፍቷ ተነሥታ እሱን ታጽናናለች። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘመድ ጣጣ ጀርባ እያሹ መነጋገርም አይገባም፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ትከሻው ተመልሶ ሲነሣ በዓይን ይታያል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነገር ደግሞ ሐሳብ ነው። ማሸቱ ለሌላ ነገር መንደርደሪያ ከሆነ የታሸው ሰው ያውቃል። በመጨረሻ ዋጋ እንደሚጠየቅበት የሚጠረጥር ገላ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ባልና ሚስት ናቸውና መቀራረቡ በራሱ ጊዜ ቢመጣ ማንም አይከለክላቸውም፤ ነገር ግን ብዙ ማታ ምንም ሳይከተለው የተሠራ ማሸት ብቻ ነው ገላን በእምነት የሚያስረክበው። «አሁን ደግሞ ተራዬ ነው» ማለትም እንደዚሁ ያበላሻል። የተፈታው ሰው ወዲያው ተነሥቶ ሥራ ከጀመረ ምኑን ዐረፈ? ዛሬ አንቺ፣ ከነገ ወዲያ እኔ ቢባል ይሻላል።

ማሸቱ የሚደረግበትን ክፍል ጉዳይ ቶሎ ልለፈው፣ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገርና። የአዲስ አበባ ማታ ይበርዳል፣ ቅባት የነካው ገላ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ብዙ ሰው ቤቱን ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ይዘጋል። ይህ ገዳይ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ዘና ብሎ የሚያንቀላፋ ሰው ደግሞ መታፈኑን አያውቀውም። ለሙቀቱ ጋቢ ይበቃል፤ የሚታሸው የሰውነት ክፍል ብቻ ተገልጦ ሌላው ይሸፈን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ የታሸው ወዲያው ይከደን። አልጋው ለስላሳ ከሆነ ክብደት ስለሚውጥ ፍራሹን መሬት ላይ ማውረዱ ይመረጣል። በሆድ ለሚተኛው ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ትራስ፣ ለሚያሸው ደግሞ ከጉልበቱ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ።

የት እንደማይነካ ማወቅም የሙያው አካል ነው። አከርካሪ አጥንት ላይ በቀጥታ አይጫኑም፤ ግራና ቀኙን ነው የሚሄዱት። ከመጨረሻው ጎድን በታች፣ ኩላሊት ባለበት አካባቢ፣ እጅ ቀለል ይላል። ከጉልበት ጀርባ ያለው ጎድጓዳ ቦታና ያበጠ የደም ሥር ይታለፋሉ። በአንድ እግር ብቻ ባቱ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ጨርሶ አይታሽም። የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና፣ ቢነቀል ወደ ሳንባ ስለሚሄድ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ትኩሳት ያለው፣ የቆዳ ቁስል ያለው ሰው እስኪድን ይቆይ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር በጎኗ፣ በተለይ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርጋ ቀለል ባለ እጅ ትታሻለች። አንዳንድ ፀጉር ቤት ከተላጩ በኋላ እንደሚደረገው አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማስጮህ ደግሞ ቤት ውስጥ በፍጹም መደረግ የለበትም። አልፎ አልፎ ቢሆንም ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ የአንገት ደም ሥሮች በዚህ ተቀድደው ሰው ስትሮክ ይመታዋል።

«መርዝ ያስወጣል»፣ «ላክቲክ አሲድ ያጥባል» እየተባለ የሚነገረውንም አልቀበለውም። ከሩጫ በኋላ የሚጠራቀመው ላክቲክ አሲድ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በራሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠፋል፤ ቆሻሻን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ማሸት ይህን ባያደርግም አይጎድልበትም። የተጨነቀ ሰው ትንፋሹ መርዘሙ፣ ትከሻው መውረዱ፣ አዳሩ መጣፈጡ ብቻውን ለማሸት በቂ ምክንያት ነው።

ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። አጨራረሱ እንደ አጀማመሩ ይሁን፤ ሁለቱ መዳፎች ጀርባ ላይ ዐርፈው፣ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቆይተው ይነሡ፣ ጋቢው ይደረብ፣ የታሸው እስኪፈልግ ድረስ ይተኛ። ፍርዱ በማግስቱ ይጠናቀቃል። ጀርባ ላይ ሰማያዊ ምልክት ከወጣ፣ ወይም ያሸው ሰው አውራ ጣቱን ካመመው፣ ማታ ምንም ያህል ቢመሰገን ሥራው መጥፎ ነበር። ሁለቱም ሳያማቸው ከተነሡና ለሌላ ቀን ከተቀጣጠሩ ጥሩ ነበር።

ለታሻችሁም አንድ አደራ አለኝ። «እጅህ ይባረክ» በማለት ብቻ አታብቁ፤ ከቡና ጋር ቁጭ ስትሉ የትኛው ቦታ፣ የትኛው አያያዝ እንደበጃችሁ፣ የትኛው እንደበዛባችሁ በግልጽ ንገሩት። እጅ የሚሠለጥነው እንደዚያ ሲነገረው ነው።